ከምዕራፉ በፊት የምትነገር ዓረፍተ ነገር

ባሌ የባዮሎጂ መምህር ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ላይ ባለ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ አንዲት የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለችኝ። ሁለታችንም የምንኖረው በተማሪ ነው ማለት ይቻላል። እሱ ያስተምራቸዋል፤ እኔ እሱ ያስተማራቸውን አባዛላቸዋለሁ።

በዚያ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህራን አንድ ልማድ አላቸው። በመመሪያ አልወጣም፤ ማን እንደጀመረውም የሚያውቅ የለም። የመጨረሻው ክፍል መጽሐፍ ውስጥ ስለ ዝግመተ ለውጥ የሚናገረው ምዕራፍ ሲደርስ መምህሩ ርዕሱን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ ጠመኔውን ያስቀምጥና ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ "ይህን የማስተምራችሁ ለፈተና ነው፤ እኔ አላምንበትም" ይላል። ከኋላ ወንበር አንዱ "አሜን" ይላል። ክፍሉ ይስቃል፤ ትምህርቱ ይቀጥላል። ባሌ ልማዱን የተቀበለው ሥራ በጀመረበት ዓመት ከአንድ አንጋፋ መምህር ነው። ሰውየው ምን ልታስተምር አስበሃል ብለው አልጠየቁትም፤ ዓረፍተ ነገሯን እንዳትረሳ ብቻ ነው ያሉት።

ባሌ የሚያስተምረውን ያምናል። እሑድ ያስቀድሳል፤ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ ሰኞ ደግሞ ክፍል ገብቶ ወፎች ከምን እንደመጡ ያስረዳል። እነዚህ ነገሮች እሱ ውስጥ ተጣልተው አያውቁም። በተጋባን ሰሞን "እንዴት ነው የምታስታርቃቸው?" ብዬ ጠይቄው ነበር። "እግዚአብሔር ቸኩሎ ነበር ያለው ማነው?" ብሎኝ ወደ ምግቡ ተመለሰ። ዓረፍተ ነገሯን በየዓመቱ ይላት ነበር፤ ደጃፍ ላይ ጫማ አውልቆ የሚገባ ሰው ለምን አወለቅሁ ብሎ እንደማያስበው እሱም አያስብባትም።

እኔና እሱ ልጅ የለንም። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ የሚቀጥለው ነገር ያለዚህ ስለማይገባ ነው። የሚሞከረውን ሁሉ ሞክረናል። ሆስፒታሉም ጠበሉም የሰጡን መልስ አንድ ነበር፤ ታገሡ አሉን። ታገሥን። በኋላ እኛ ስለ ጉዳዩ ማውራት ተውን፤ ሌላው ሰው ግን አልተወም። ሠርግ ላይም ሆነ ክርስትና ላይ "እናንተስ?" የሚል አንድ ሰው አይጠፋም።

የቆርቆሮ አጥር የምትጋራን ጎረቤት አለችኝ። በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ከአንድ ጓዳ ወደ ሌላው ስንመላለስ ዋናውን መንገድ እንዳንዞር ብለው ባሏና ባሌ አጥሩን ቆርጠው ትንሽ በር አበጅተውልናል። ሽሮ ሲያልቅባት በዚያች በር ትመጣለች፤ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ባልዲዬን ይዤ በዚያች በር እሄዳለሁ። ሁለተኛ ልጇን፣ ሴት ልጅ፣ የወለደች ጊዜ አራስ ልጠይቅ ገብቼ ገንፎውን በልቼ ሳልጨርስ "እህት ዓለም፣ ይቺን ክርስትና የምታነሻት አንቺ ነሽ" አለችኝ።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና ያነሣቻት ሴት ሁለተኛ እናቷ ትሆናለች። ያ ዝምድና ጎረቤት ቤት ቢቀይርም፣ ቢኳረፍም አይፈርስም። ለሰው አላወራሁትም እንጂ ልጅቷን ገና ሳትጠይቀኝ ወድጃት ነበር። ቤት ገብቼ ለባሌ ስነግረው "እንግዲህ ቀሚስሽን አሰፊ" አለኝ። በማግሥቱ ሄጄ ለካሁ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን የባሌ አጎት አገር ቤት ሞቱ። ቀብር ደርሶ ሰልስት ሳይወጣ መመለስ ነውር ስለሆነ ባሌ ጥቂት ቀን ቆየ። ክፍሉን የያዘለት አንድ የኬሚስትሪ መምህር ነበር። ምዕራፉን የጀመረው ይህ ሰው ነው። ዓረፍተ ነገሯን ግን አላላትም፤ የባዮሎጂ መምህር የሚላት ነገር ናትና የእሱ ድርሻ አልመሰለችውም። ባሌ ሲመለስ ደግሞ ምዕራፉን ተጀምሮ አገኘው፤ ስለዚህ ተብላ ያለፈች መሰለው። እንዲህ ሆና ዓረፍተ ነገሯ በሁለት መምህራን መካከል ወድቃ ቀረች።

ተማሪዎቹ ግን ይጠብቋት ነበር። ባሌ ግማሽ ክፍለ ጊዜ እንዳስተማረ ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ አላሉንም እኮ።"

"ምኑን?"

"እንደማያምኑበት።"

ባሌ ለቅሶ ሰንብቶ፣ በመንገድ ተንገላቶ የመጣ ሰው ነው። "እሱ ፈተና ላይ አይመጣም" አለና ወደ ሰሌዳው ዞረ። ክፍሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ራት ላይ ሲነግረኝ እኔም ሳቅሁ። ያኔ ራት ላይ የተማሪዎቹን ድምፅ እያስመሰለ የክፍሉን ውሎ ማውራት ልማዱ ነበር፤ ሬዲዮ ከፍተን አናውቅም።

በማግሥቱ ሁለት ተማሪዎች ወረቀት ሊያባዙ መጡ። ከፎቶ ኮፒ ማሽን ጀርባ የቆመ ሰው አይታይም፤ ፊቴ የማይወራ ነገር የለም።

"ባዮ ቲቸራችን አመነ እኮ፣ አልሰማህም?" አለ አንደኛው።

"ምን ብሎ?"

"አምንበታለሁ አለ በቃ። ሲሪየስ ነው የምልህ።"

"ሙድ እየያዘባችሁ ይሆናል።"

"ባክህ፣ ፊቱ ራሱ ሌላ ነበር።"

ፊቱ ሌላ የነበረው አጎቱ ስለሞቱ ነው። ይህን ልነግራቸው አሰብኩና ተውኩት። ወረቀታቸውን አባዝቼ ሰጠኋቸው፤ ወሬያቸውን ይዘው ቁልቁለቱን ወረዱ። ቅዳሜ ጉልት ሽንኩርት ስገዛ ሻጯ "እግዚአብሔር የለም ያለውን መምህር ሰማሽ?" አለችኝ። የማን ሚስት እንደሆንኩ አላወቀችም፤ ወይም አውቃለች። ሽንኩርቱን ግን አሳምራ መረጠችልኝ።

ነገሩን ከውጭ እንደሚያየው ሰው ሆኜ ሳየው አንድ ነገር ገረመኝ። ባሌ ያን ምዕራፍ ለዓመታት ሲያስተምር ኖሯል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሥዕሉን ስሏል፤ ፈተናውን አውጥቷል፤ የዝንጀሮና የሰው እጅ አጥንት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ አሳይቷል። አንድም ወላጅ አልመጣበትም። የዚያን ዓመትም ያስተማረው ያንኑ ነው፤ አንድ ቃል አልጨመረም። ሰው ሁሉ የተቆጣው ባልተባለች ነገር ነው።

አንድ ቀን ወደ ጎረቤቴ ባልዲዬን ይዤ ስሄድ ትንሿ በር አልከፈት አለችኝ። ከእነሱ በኩል ተቀርቅራለች። ዞሬ በዋናው መንገድ ሄድኩ። ልጅቷን ታቅፋ ደጃፍ ላይ አገኘኋት። ዐይኔን ሳታይ ልጅቷን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው እያዛወረች ተናገረች።

"የባለቤቴ አክስት ከገጠር ልትመጣ ነው። እሷ ካላነሣኋት ብላ አስቸገረች።"

"እሷ እኮ ጉልበቷን ያማታል" አልኳት። "እንጦጦ ድረስ እንዴት ልትወጣ ነው?"

"በመኪና እንወስዳታለን።"

"እኔን ምን ልትዪኝ ፈልገሽ ነው? ንገሪኝ።"

ልጅቷን ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። "የንስሐ አባታችን ጠየቁኝ። የምታነሣት ሴት ቤት ውስጥ እግዚአብሔር አለ ወይ አሉኝ። ምን ልበላቸው? እስቲ አንቺው ንገሪኝ፣ ምን ልበላቸው?"

እዚያው ላይ ብዙ ነገር ልላት እችል ነበር። በሁለት አራስ ቤቷ ማን እንዳረሳት፣ የመጀመሪያ ልጇ ትኩሳት ሲይዘው ማን ተሸክሞ እንደሮጠ። የሮጠው ያው እግዚአብሔር የለም አለ የተባለው ሰው ነው። ባልዲውን ይዤ ተመለስኩ፤ ውሃም ሳልቀዳ ቀረሁ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የተሰፋው ቀሚስ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተሰቅሎ ነበርና ሳጥኑን ለጥቂት ቀናት ከመክፈት ተቆጠብኩ።

በዚያ ሳምንት ርእሰ መምህሩ ባሌን ጠርተው የወላጆች ስብሰባ እንደሚደረግ ነገሩት። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ጭቅጭቅ ብቻ አይወዱም። "ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው፤ ትምህርትና ሃይማኖት ለየብቻ ናቸው። ማንም ሊያስገድድዎ አይችልም" አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ግን እኮ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት" አሉት።

እኔም ያንኑ አልኩት። ራት ላይ ነበርን፤ ሁለታችንም አንበላም።

"በላት" አልኩት። "ዓመታት ያልካትን ነው። ስብሰባው ላይ ተነሥተህ በላትና ትለቅ።"

"ድሮ ስላት ሰምቻት አላውቅም" አለኝ። "ጥርስ እንደመፋቅ ነበረች። አሁን ግን ሰማኋት። አላምንበትም ብዬ ስቆም ምን እያልኩ እንደሆነ አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን ችግር አለው?"

"የማምንበትን ነገር ነዋ አላምንበትም የምለው። ልጆቹ ፊት።"

"ልጆቹ አንተን አይጠብቁም፤ ከፈተናው በኋላ ይረሱሃል" አልኩት። "እኔ ግን አንዲት ልጅ ናት ያለችኝ። እሷም ገና አልተሰጠችኝም።"

ይህን ስለው ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ተናድጄበትም ነበር። አንድ ሰው ለእውነት የሚቆመው ሌላው ሲከፍልለት ከሆነ ነገሩ አይጥመኝም። ዛሬም ቢሆን አይጥመኝም። ባሌ እንጀራውን ሲቆራርስ ቆየና "እሺ" አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ስብሰባው ላይ ልገባ ስል በር ላይ ያለው ዘበኛ "የማን ወላጅ ነሽ?" አለኝ። "የመምህሩ" አልኩት። ሳቀና አስገባኝ። የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

እውነቱን ለመናገር ጩኸት ጠብቄ ነበር። ያየሁት ሌላ ነው። በመጀመሪያ የተነሡት ሱፍ የለበሱ አንድ አባት ናቸው፤ በቅርብ ወደ ሰፈሩ የመጡ የቢሮ ሰው ይመስላሉ። ሁለቱም ሐሳብ ሳይንስ ክፍል ውስጥ ይሰጥ አሉ፤ ዝግመተ ለውጥም ይሰጥ፣ ፍጥረትም ይሰጥ፣ ልጆቹ ይምረጡ። ጥሩ ተናጋሪ ናቸው፤ ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሒጃብ ያደረገች አንዲት እናት ተነሥታ በትሕትና "ፍጥረቱን የማን ያደርጉታል?" አለች። "የእኛ ልጆችም እዚህ ናቸው። የእኛን ደግሞ ማን ሊያስተምርልን ነው?" የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰው የሆኑ አባት ደግሞ ዓለም ከተፈጠረ ስንት ዓመት ነው በሚለው ላይ እንኳ ከጎናቸው ከተቀመጡት ሰው ጋር እንደማይስማሙ ተናገሩ፤ እዚያው ቁጭ ብለው ትንሽ ተከራከሩ።

በመጨረሻ አንድ ቄስ ተነሡ። እንጦጦ ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያገለግሉት፤ የጎረቤቴ የንስሐ አባት እሳቸው ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው እዚህ ይማራል። ደጋፊ ይሆናሉ ብሎ ነው ሰው የጠበቃቸው። እሳቸው ግን ወደ ሱፍ ለባሹ ዞረው ተቆጡ።

"የእኛን ለእኛ ተዉልን እባክዎ። በጠመኔ ሊጽፉት ነው? ደወል ሲደወል በዳስተር ሊጠርጉት ነው? ደግሞስ ፈተና ሊያወጡበት ነው? በእግዚአብሔር ከዐሥር አራት ያመጣውን ልጅ ምን ሊያደርጉት ነው፣ ያስደግሙታል?"

አዳራሹ ሳቀ። ሱፍ ለባሹም ሳቁ። በዚያው የፍጥረት ትምህርት ጉዳይ ሞተ። በኋላ ሳስበው ሰፈራችን ጠቡን ቀድሞውኑ በራሱ መንገድ ጨርሶት ነበር። ሳይንሱ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ እምነቱ ተራራው ላይ ይቀመጣል፤ በመካከላቸው ያቺ ዓረፍተ ነገር አጥር ሆና ትቆማለች። አጥሩ እስካለ ድረስ ማንም ማዶውን አይመለከትም። ነገሩ ብልሃት አለው፤ የሚያስቸግረው አጥሩን የሚይዘውን ሰው ብቻ ነው።

"እንግዲህ የቀረችው ያቺ ነገር ናት" አሉ ቄሱ ሲቀመጡ። ሁሉም ሰው ወደ ባሌ ዞረ።

ባሌ ተነሣ። ጠመኔ የነካው ኮቱን እንደለበሰ ነበር። ወደ እኔ አላየም። "ይህን የማስተምረው ለፈተና ነው" አለ። "እኔ አላምንበትም።" ከወረቀት የሚያነብ ይመስል ነበር። አንድ ሰው ከጎን "አሜን" አለ፤ ያን ጊዜ ግን የሳቀ የለም። ርእሰ መምህሩ አመስግነው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። የሚቀጥለው አጀንዳ የመጸዳጃ ቤቱ ውሃ ነበር፤ ከሁሉ የበለጠ ጭቅጭቅ የነበረው እዚያ ላይ ነው።

በማግሥቱ ትንሿ በር ተከፍታ አገኘኋት። ጎረቤቴ ልጅቷን ታቅፋ ገባችና ሳትነግረኝ ጭኔ ላይ አስቀመጠቻት። ይቅርታ አልጠየቀችኝም። "ሰው መቼም ወሬ አያጣም" አለች፤ አክስቲቱም ጉልበቷ ስለታመመ መምጣቷ እንደቀረ ነገረችኝ። ልጅቷ ጣቴን ይዛ አልለቅ አለች። እኔም ሌላ ነገር አልጠየቅሁም።

ክርስትናው ዕለት ጠዋት ገና ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ ላይ ሳይነሣ ሽቅብ ወጣን። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ሲወርዱ መንገድ ለቀቅንላቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ጫማዬን አወለቅሁና ባሌ ተቀበለኝ። እሱ ወደ ውስጥ አልገባም፤ ከግቢው ዛፍ ሥር ቆመ። ልጅቷን ይዤ ወደ ምዕራብ ዞርኩና ስለ እሷ ሰይጣንን ካድኩ፤ ወደ ምሥራቅ ዞርኩና ስለ እሷ አምናለሁ አልኩ። ቄሱ ውሃ ውስጥ ነክረው ሲያወጧት ተቀበልኳት። እየጮኸች ነበር፤ በጣም ከባድና በጣም ሞቃት ነበረች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ስወጣ ባሌ ጫማዬን በእጁ እንደያዘ ነበር፤ ዝቅ ብሎ አስቀመጠልኝና የልጅቷን ግንባር ሳመ።

እንግዲህ ያን ዓረፍተ ነገር እንዲል ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ አልቆጨኝም። ነገር ግን ያየሁትንም አልደብቅም። ከዚያ ዓመት በኋላ ባሌ ራት ላይ የክፍሉን ውሎ ማውራት ተወ። የተማሪ ድምፅ አያስመስልም። ምዕራፉ ሲደርስ ጠመኔውን ያስቀምጣል፣ ይላታል፣ ያስተምራል፤ ተማሪዎቹ ማስታወሻ ሲያባዙ አየዋለሁ፤ ከመጽሐፉ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። ድሮ ከራሱ የሚጨምራቸው ምሳሌዎች ነበሩ፤ እነሱ የሉበትም። ምን ሆንክ ብለው ደክሞኝ ነው ይላል። ማታ ማታ ሬዲዮ እንከፍታለን።

ልጅቷ አሁን ኬጂ ገብታለች። እናቷን እማዬ፣ እኔን እማ፣ ባሌን ጋሼ ትላለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን የምትጥለው እኛ ቤት ነው፤ በትንሿ በር ትገባለች፤ እንቅልፏ እስኪመጣ አትወጣም። ጥያቄዋ አያልቅም። ጨረቃ ለምን ትከተለናለች፣ ጉንዳን ወዴት ይሄዳል፣ እናንተ ለምን ልጅ የላችሁም። የመጨረሻውን የመለስኩላት "አንቺ አለሽ አይደል?" ብዬ ነው፤ ያ አጥግቧታል።

ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ ግቢያችን ውስጥ ተቀምጬ ዶሮ እበልት ነበር። ባሌ አጠገቤ ቢላዋ ይስላል። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቴ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ የቢላዋዋ ድምፅ ይሰማል። ለልጅቷ የተቆረጠውን የዶሮ እግር ሰጥቻት ነበር። ጅማቱን ስትስበው ጣቶቹ ይጨበጣሉ፤ ስትለቀው ይዘረጋሉ። ሰፈራችን ያደገ ልጅ ሁሉ በዚህ ተጫውቷል። እሷም ብዙ ቆየችበት። ከዚያ ቅርፊቱን በጣቷ እየዳሰሰች አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ፀሐይ የምትሞቀውን እንሽላሊት ትክ ብላ አየች።

"ጋሼ" አለች፤ "የዶሮ እግር ለምን የእንሽላሊት እግር መሰለ?"

ባሌ ቢላዋውን አስቀመጠ። ድሮ ራት ላይ የማየው ፊቱ መጣ፤ ዐይኑ ሁሉ በራ። የዶሮውን እግር ከእጇ ተቀበላትና ቅርፊቱን በጥፍሩ ቀና አድርጎ አሳያት። አፉን ከፈተ። ከዚያ ወደ አጥሩ አየ።

"ይኸውልሽ" አላት። "እኔ እንኳ አላምንበትም፤ ግን መጽሐፍ ላይ እንዲህ ይላል…"

እዚያች ሚጢጢ ልጅ ፊት፣ በራሱ ግቢ፣ ፈተና የሚባል ነገር በሌለበት ዓረፍተ ነገሯን አላት። እንዳላት እንኳ ያወቀ አልመሰለኝም።

ልጅቷ ቅንድቧን ሰብሰብ አድርጋ አየችው። "የማታምንበትን ለምን ትነግረኛለህ?" አለችው። "የምታምንበትን ንገረኝ።"

ባሌ እኔን አየኝ። ያን ጊዜ ስብሰባው ላይ አላየኝም ነበር፤ አሁን ግን ተነሥ ወይም ተቀመጥ እስክለው ድረስ የሚጠብቅ ሰው መሰለ። ይቺ ልጅ የሰማችውን ሁሉ ይዛ ቤቷ እንደምትገባ አውቃለሁ፤ ያቺ በር በአንድ ቀን እንዴት እንደምትቀረቀርም አውቃለሁ። የቢላዋው ድምፅ ከአጥሩ ማዶ ይሰማል።

እጄን በሽርጤ ጠርጌ ተነሣሁና ትንሿን በር ከእኛ በኩል ዘጋኋት።

"ንገራት" አልኩት።

ከአጥሩ ማዶ የሽንኩርቱ ቢላዋ ቆመ። ባሌ ግን መናገር ጀምሮ ነበር።